ታማ የማታውቅ ላንድሮቨር

ግራዝማች ማዘንጊያ ላንድሮቨራቸውን ሊሸጡ ነው የተባለ ዕለት ነቀምት ሳቀች። አልተሳሳተችም። ያቺ መኪና ያልረገጠችው የወለጋ ጭቃ የለም። ጊምቢ በል፣ ነጆ በል፣ ደምቢዶሎ በል፣ ሁሉም ጋ ሄዳ፣ አቧራዋን አራግፋ፣ የሰው ዶሮ ገድላ፣ ተረግማ ተመልሳለች። የማይል ቆጣሪዋ ሁሉም ቁጥር ዘጠኝ እስኪሆን ሞልቶ፣ ተገልብጦ ዜሮ ገብቶ፣ ከዜሮም ተነስቶ እንደገና ሩቅ ሄዷል። ሁለት ጊዜ ዞሯል የሚሉም አሉ። የገበያ ቀልደኞች «ቆጣሪዋን ካየኸው ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን ናት» እያሉ ሲሳለቁባት ሰነበቱ። ይህችን ደግሞ ማን ይገዛታል ሲባል፣ በቅሎ ነጋዴው ፉፋ ሊገዛት ነው ተባለ። ያኔ ከተማው ሳቁን ትቶ ለፉፋ ያዝንለት ጀመር።

ፉፋ ሞኝ ሰው አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ በቅሎ ሲገዛና ሲሸጥ ኖሮ በበቅሎ ያታለለው ሰው የለም። በሰው ግን ሌላ ነው፤ እሱን ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

መኪና ያስፈለገው ለጉራ አይደለም። አንድ ልጁ ሎሚ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። የተዳረችው ከአርጆ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለው መንደር፣ እሱ ራሱ ከተወለደበትና እናቷን ካገባበት አገር ነው። ቀኗ የሚደርሰው ክረምቱ መሐል ላይ ነው። ወደ ከተማ መጥተሽ እኔ ዘንድ ተቀመጪ ቢላት፣ አማቷ አልጋ ይዛለችና ትቻት አልመጣም አለች። ከዚያ መንደር ክረምት ላይ በሰው ትከሻ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ፉፋ ያውቀዋል። ከእሱ የበለጠ የሚያውቀውም የለም።

ከሰባት ክረምት በፊት ሚስቱ ድርቤ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ አምጣ አምጣ አልሆነላትም። አዋላጇ እጇን ታጥባ «ሆስፒታል አድርሷት፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም» አለች። ግራዝማች ማዘንጊያ ያን ጊዜ እዚያው መንደር አፋፍ ላይ፣ መንግሥት በሰጣቸው መሬት፣ ሰፊ ግቢ ነበራቸው። ፉፋ ጎህ ሲቀድ በዝናብ በስብሶ ደጃቸው ደረሰ። መኪናዋ ከጎተራው ጎን በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ግራዝማች ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ፣ ነገሩን ሰሙ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ምን ላድርግህ ልጄ! ካምቢዮዋ ወድቆ ይኸው ከተኛች ሰነበተች» አሉት።

በዚህ ብቻ አልተዉትም። ጭሰኞቻቸውን አስጠርተው ቃሬዛ እንዲሸከሙለት አዘዙ። ከትከሻቸው ላይ ጋቢያቸውን አውልቀው «አልብሳት፣ ብርድ እንዳይመታት» ብለው ሰጡት። ተሸካሚዎቹ በዚያ ጭቃ እየተንሸራተቱ፣ እየወደቁና እየተነሱ፣ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ጠዋት ጉልበት ድረስ ብቻ የነበረው ወንዝ ሞልቶ ግንድ ይዞ ይወርዳል። እስኪጎድል ሲጠብቁ ድርቤ እዚያው ዳር ላይ ከነጽንሷ አረፈች። በግራዝማች ጋቢ ተጠቅልላ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ግራዝማችም ለለቅሶው በሬ ላኩ።

ፉፋ ይህን ውለታ አልረሳም። ሐዘኑ ሲበርድ ወደ ነቀምት ገባ እንጂ ግራዝማችን አልተለየም። ለገና ማር፣ ለፋሲካ ሙክት ይዞላቸው ይሄዳል። ጥሩ ሰጋር በቅሎ እጁ ከገባች መጀመሪያ የሚያሳየው ለእሳቸው ነው። የወንጌል አማኝ ነውና ማኅበረ ምእመናኑ ለጸሎት ሲቀመጥ «ለግራዝማችም ጸልዩላቸው» ይላል፤ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ጭሰኛ የሚያስለቅሱ ናቸው ብለው የሚያጉረመርሙትን «እናንተ አታውቋቸውም» ብሎ ያፋጥጣቸዋል። ጭሰኞቹ ራሳቸው ከመሬት ነቀሉን ብለው ሊከሷቸው የተነሱ ጊዜ እንኳ አስታርቆ የመለሳቸው እሱ ነው። ጋቢዋን የሰጠች እጅ ክፉ ልትሠራ አትችልም ብሎ ነበር የሚያምነው።

አሁን ግራዝማች አዲስ አበባ ቤት ሠርተው ሊሄዱ ነው። ፉፋም በቅሎዎቹን አንድ በአንድ ሸጦ መኪናዋን ለመግዛት አሰበ። ማሰብ ብቻ ግን መግዛት አይደለም። የእህቱ ልጅ ነመራ የቡና ጭነት መኪና ሾፌር ነው። ፉፋ መኪና መንዳት ስለማያውቅ መሪውን የሚይዝለት እሱ ነበርና መጀመሪያ ሄዶ እንዲሞክራት ላከው። ነመራ ከተማውን ዞሮባት ተመለሰና አጎቱ ፊት ተቀመጠ።

«ኤሱማ» አለ፤ የእናቱን ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው። «አይግዙ።»

«ሞተሯ መጥፎ ነው?»

«ሞተሯ ደህና ነው፣ አልዋሽም። ግን እኮ ብረትም ይደክማል። ያን ሁሉ አገር የዞረች መኪና ነገ የት ላይ እንደምትቆም ማን ያውቃል?»

«በቅሎም አርጅታ የማትቆም አለች። መንገዱን ታውቀዋለቻ።»

«መኪና መንገድ አያውቅም፣ ኤሱማ። መንገድ የሚያውቀው ሾፌር ነው።»

ፉፋ ሳቅ አለ፤ ልቡ ግን ሌላ ጋ ነበር። «እኔን የሚያሳስበኝ ካምቢዮዋ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ጊዜ ወድቆ ያውቃል። የወደቀው ደግሞ በጭንቅ ቀን ነው። የሎሚ ቀን ደርሶ እንደገና ቢተኛብኝስ?»

«ካምቢዮዋ?» ነመራ ገረመው። «ካምቢዮዋማ እንደ ቅቤ ነው የሚገባው። ነገሯ ሁሉ ቢያረጅ እሱ አላረጀም።»

«እንግዲያው የጠገነላቸው ሰው እጁ ይባረክ» አለ ፉፋ። ቢሆንም ልቡ አላረፈም፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ገንዘቡን አንዴ ካወጣ ሌላ መግዣ የለውም። መኪናዋ በዚያች ቀን ከተኛች ሎሚም እንደ እናቷ በሰው ትከሻ ልትወጣ ነው። ሲነጋ አንድ ነገር ወሰነ። በቅሎ ሲሸጥ የሚደረገው ሁሉ ለመኪናዋም ይደረግ፤ ካልሆነ አልገዛም።

በበቅሎ ገበያ ወግ አለ። ሻጭ በሽማግሌ ፊት የበቅሎዋን ነውር ሁሉ ይናገራል። ትራገጣለች፣ ከውሃ ትደነግጣለች፣ በእንዲህ ያለ ዓመት ታማ ተኝታ ነበር ይላል። ሽማግሌው ይጠይቃል፣ ሻጩ ይመልሳል። የተደበቀ ነውር ኋላ ከተገኘ በቅሎዋ ትመለሳለች፣ ሻጩም ሰው ፊት ይዋረዳል። ሲጨርሱ ልጓሟን ከእርጥብ ሳር ጋር አድርጎ ለገዢው ይሰጠዋል፤ ሳሩ ምርቃት ነው። ፉፋ የፈለገው ካምቢዮው መቼ ወደቀ፣ ማን ጠገነው፣ ምን ተቀየረለት የሚለውን ከግራዝማች አፍ በሽማግሌ ፊት መስማት ነበር። እንዲያ ቢሉት፣ በእሳቸው ቃል ተማምኖ ገንዘቡን ሊያወጣ ነው።

ግራዝማች መልእክቱ ሲደርሳቸው ከት ብለው ሳቁ። «መኪናዬን በቅሎ አደረጋት! ይሁንለት፣ ይምጣ» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በነቀምቱ ግቢያቸው ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ኦቦ ዋቅወያ ናቸው። ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸው፣ ስንት የደም ነገር ያስታረቁ አዛውንት ናቸው። «አካም ኦልተን» ብለው ገቡ፤ እንዴት ዋላችሁ ማለታቸው ነው። ግራዝማችም ወለጋ ሲኖሩ በተማሩት ኦሮምኛ «ናጋ»፣ ደህና ነን፣ ብለው መለሱ። መኪናዋ ታጥባ መሐል ላይ ቆማለች። በሯን ከፍተው ወንበሯን አሳዩ፤ ቀይ ቆዳ የለበሰ ነው፣ አርጅቶም ያምራል።

«እዩት ይህን ወንበር! አዲስ አበባ ልኬ ነው ያስለበስኩት። እስከ ዛሬ አንድ ነጠብጣብ የለበትም» አሉ። ፉፋም እጁን በቆዳው ላይ አሳልፎ አደነቀ። ሎሚን እዚህ ላይ አስተኛታለሁ ብሎ አሰበ።

ኦቦ ዋቅወያ በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ጀመሩ።

«እንግዲህ ግራዝማች፣ የበቅሎዋን ነውር ይንገሩን።»

«አርጅታለች። እሱን አልደብቅም፤ ቆጣሪዋም ይናገራል። ዝናብ በበሯ ይገባል። የፊት መብራቷ አንዱ ደካማ ነው።»

«ታማ ታውቃለች?»

ከተማው በመኪናቸው ሲስቅ መሰንበቱ ግራዝማችን አንገብግቧቸው ነበር። ደማቸው ፈላ። ከወንበራቸው ተነሱ።

«ታማ አታውቅም! ይህ ሕዝብ ቆጣሪዋን እያየ ይቀልዳል። ያን ሁሉ አገር የዞረችው ስለማትተኛ አይደለም እንዴ! ከገዛኋት ጀምሮ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ከደጄ አልነሳ ብላኝ አታውቅም። ሞተሯን በሉ፣ ካምቢዮዋን በሉ፣ አንድ ብሎን አልተፈታም። ከፋብሪካ እንደወጣች ናት!»

ፉፋ በመጀመሪያ ግራዝማች የረሱ መሰለው። ዕድሜ ነው አለ በልቡ። ሽማግሌ ፊት ሐሰተኛ እንዳይሆኑ ሊያስታውሳቸው ፈለገ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

«ግራዝማች፣ ካምቢዮዋስ?» አለ በትሕትና። «አንድ ጊዜ ወድቆ አልነበረም? እስቲ ያስታውሱ።»

«የማን ካምቢዮ?»

«የእርስዎ። ተጠግኖ ይሆናላ። የተጠገነ ነገር ነውር የለውም። እንዲያው ማን እንደጠገነው ቢነግሩኝ ብዬ ነው።»

«ኧረግ! ፉፋ!» ግራዝማች ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «አዩት? ዋጋ ለማስቀነስ ነው። እኔ ይሄን የበቅሎ ገበያ ተንኮል አላውቀውም? ማርያምን! ካምቢዮዋ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም። ከዋሸሁ ልጆቼን አያሳየኝ።»

ነመራ ከመኪናዋ ጎን ቆሞ አጎቱን አየው። ፉፋ አሁንም፣ በዚህች ሰዓት እንኳ፣ ግራዝማች እንዲዋሹለት ነበር የፈለገው። አዎ፣ ረስቼው ነው፣ ወድቆ ነበር ቢሉ ምን ነበረበት! ሰባት ዓመት ሙሉ ድርቤን እግዚአብሔር ወሰዳት ብሎ ነበር የተጽናናው። መኪናዋ ታማ ነበር፣ ግራዝማች የቻሉትን አደረጉ፣ ጋቢያቸውን ሰጡ ብሎ ነበር። አሁን እኚህ ሰው ልጆቻቸውን ጠርተው እየማሉ መጽናኛውን ከእጁ ነጠቁት፤ የነጠቁት መሆኑንም አላወቁም።

«በድርቤ ጊዜ» አለ።

«ምን?»

«በድርቤ ጊዜ። ሚስቴ ስታምጥ። ደጅዎ መጣሁ። መኪናዋ በሸራ ተሸፍና ነበር። ካምቢዮዋ ወድቋል ብለውኝ ነበር።»

ግራዝማች ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ላይ ታየ፤ ቀስ ብሎ ነው የመጣላቸው። ፉፋን ከሁሉ በላይ ያቃጠለው ይህ ነበር። እሱ ያችን ቀን በልቡ ይዟት ሲኖር፣ እሳቸው የዋሹትን እንኳ ረስተውታል።

«ያኔ...» አሉ ግራዝማች፤ ድምፃቸው ወረደ። «ያኔ እኮ በማግስቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ትልቅ ሰው ልቀበል... ወንበሩን ገና ማስለበሴ ነበር። ነገሩ ደግሞ የምጥ ነገር ነው፣ ደም... እንዲህ የሚሆን መቼ መሰለኝ? ሴት ሁሉ ታምጣለች፣ ትወልዳለች አልኩ። ሰው ሰጠሁህ። ጋቢዬን ሰጠሁህ፣ ፉፋ!»

ጋቢ ሰጥተዋል። ጋቢ ደም ቢነካው ይታጠባል።

ፉፋ ወንበሩን አየ። አንድ ነጠብጣብ የለበትም። ምነው እዚያ ላይ ብትሞት እንኳ፣ ምነው አንዲት ጠብታ ቀርታበት ቢሆን አለ በልቡ። ነመራ ቀረብ ብሎ ክንዱን ያዘውና «እንሂድ፣ ኤሱማ። ይቺ መኪና ትቅርብን» አለው።

ፉፋም መሄድ ፈልጎ ነበር። በሩ ክፍት ነው፣ ገንዘቡ ከደረቱ አልወጣም። አንድ እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ሎሚ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት፤ እግሯ አብጦ፣ ግድግዳ ይዛ ስትነሳ። በነቀምት የሚሸጥ ሌላ መኪና የለም፤ ቢኖርም አቅሙ አይደርስም። ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ቆመ።

ግራዝማች መቆሙን ሲያዩ ተስፋ አደረጉ። «ስማኝ፣ ዋጋውን ልቀንስልህ» አሉ። «ግማሹን ልተውልህ። እንዲያውም አንተ የምትለውን ስጠኝ።»

ኦቦ ዋቅወያ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። የዕርቅ ሰው ናቸው፤ ዕርቅ በተከፈተ በር ሁሉ ይገባል ብለው ነው የሚያምኑት።

«ፉፋ ኮ» አሉ፤ የእኔ ፉፋ ማለታቸው ነው። «ተቀበለው። እንደ ጉማ፣ እንደ ደም ካሳ ይቆጠር። የሞተ ሰው ጉማው ተከፍሎ ነገሩ ይዘጋል፤ ደም አይቋጠርም። አባቶቻችን እንዲህ ነው የሠሩት። ዛሬ እዚሁ ታረቁና ሳሩን ይዘህ ውጣ።»

ፉፋ ሽማግሌውን ያከብራቸዋል። ስለዚህ ተጎንብሶ ነው የመለሰላቸው።

«አይ፣ ኦቦ ዋቅወያ። አይሆንም። ጉማ የተቀበለ ሰው ይታረቃል። እኔ የመጣሁት መኪና ልገዛ ነው።»

ከዚያም ከደረቱ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለውን ገንዘብ አውጥቶ፣ መጀመሪያ የተስማሙበትን ሳያጎድል፣ ግራዝማች ፊት ካለው በርጩማ ላይ አስቀመጠ። «አንድ ሳንቲም እንዳይቀነስልኝ» አለ። በቅሎዎቹ ሁሉ እዚያ ጨርቅ ውስጥ ነበሩ። ግራዝማች ገንዘቡን አልነኩትም፤ ቁልፉን ከእርጥብ ሳር ጋር ይዘው ዘረጉለት። እሱ ቁልፉን ብቻ ከሳሩ መሐል መዝዞ ወሰደና ጀርባውን ሰጣቸው። ሳሩ እጃቸው ላይ ቀረ።

ነመራ ቁልፉን ሲያዞር ፉፋ ዓይኑን ጨፈነ። እንዳትነሳ ለመነ። ገንዘቡን ሁሉ ከፍሎባት፣ ልጁን ተስፋ አድርጎባት፣ አንዴ ብቻ እንቢ እንድትል ለመነ። አንዴ ብታንገራግር ያኔም ታማ ይሆናል ሊል ነው። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

በዚያው ወደ ሎሚ መንደር ወጡ። ጠዋት ዘንቦ ነበርና መንገዱ ጭቃ ነው። ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ተንሸራታ ወደ መስመሯ ተመለሰች እንጂ አልቆመችም። ነመራ እየነዳ «አዩ፣ አዩ» ሊል ፈልጎ ተወው። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ፉፋ «አቁም» አለ። ወርዶ ዳር ላይ፣ ከማዶ ቃሬዛው ካረፈበት ቦታ ትይዩ ቆመ። ውሃው ጉልበት ድረስ ነው፤ እንደዚያ ቀን ጠዋት። ከመንደሩ እስከዚህ በመኪና ምን ያህል እንደሚፈጅ ሊያውቅ አልፈለገም፤ ግን መንደሩ ከማዶ ካለው ዳገት ላይ ይታያል፣ ሊያውቀው ነው። ተመልሶ ገባ። መኪናዋ ውሃውን ግራና ቀኝ እየከፈለች ተሻገረች፤ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ እየወደቁ የወረዱትንም ዳገት ወጣች። የጎማዋ ውሃ እንኳ ሳይደርቅ የሎሚ ደጅ ደረሱ። ያኔ ፉፋ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ነመራ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀው።

ሎሚ ሆዷን ደግፋ ወጣች። መኪናዋን ዞራ አየቻት፤ በሯን ከፍታ ቀዩን ወንበር በመዳፏ ነካችው። ሰው የሳቀባት መኪና መሆኗን ሰምታ ነበርና ፈራ ተባ እያለች ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ፣ ደህና ናት? አሁን ይቺ ባስፈለገች ቀን ትነሳለች?»

ፉፋ ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

«ትነሳለች» አላት። «ያኔም ትነሳ ነበር።»